የሥጋ ወይፈን ማኮላሸት፤ በድሬዳዋ ዙሪያ ለሚገኙ ከብት አርቢዎች

ደቻቱ በበጋ ወራት ውሃ የሌለው አሸዋ ነው። ከዚራን ከመጋላ የሚለየው ይህ ወንዝ በደንገጎ በኩል ካለው ተራራ ተነሥቶ፣ ከተማዋን አቋርጦ ወደ ሽንሌ ሜዳ ይወርዳል። ለድሬዳዋ ገበያ የሚቀርበው ከብትም የሚመጣው ከእነዚሁ ከሁለቱ አቅጣጫዎች ነው፤ ከላይ ከደጋው፣ ከታች ከቆላው። ከደጋ የሚወርደው ብዙውን ጊዜ ሲያርስ ቆይቶ በገበሬው እጅ እየጎረሰ የደለበ ሰንጋ ነው። ከቆላ የሚመጣው ደግሞ በአብዛኛው ገና ያልተኮላሸ ወይፈን ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው የሚያያቸው አርቢ የራሱን ወይፈን ማሰቡ አይቀርም።

ስለዚህ ጉዳይ ከአርቢዎች ደጋግሞ የሚቀርብልን ጥያቄ «በምን ዘዴ ላኮላሽ?» የሚል ነው። በቡርዲዞ ነው፣ በጎማ ቀለበት ነው፣ በቢላዋ ነው ወይስ እንደ ድሮው በመቀጥቀጥ? እኛ መልሱን የምንጀምረው ከሌላ ጥያቄ ነው። ወይፈኑ የሚሸጠው ለማን ነው? ዕድሜውስ ስንት ነው? እነዚህ ሁለቱ ከታወቁ የዘዴው ምርጫ አያስቸግርም። እነዚህ ሳይታወቁ የተመረጠ ዘዴ ግን፣ በጥንቃቄ ቢሠራ እንኳ፣ አርቢውን ሊጎዳው ይችላል።

ማኮላሸት ያስፈልጋልን?

ቆለጥ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ዘር ማምረት ነው፤ ሁለተኛው የወንድነት ሆርሞን ማመንጨት ነው። ይህ ሆርሞን ጡንቻን ያዳብራል፣ አንገትንና ሻኛን ያወፍራል፣ ኮርማውንም ቁጡና ተዋጊ ያደርገዋል። ስለዚህ በአንድ ዓይነት መኖ ቢያዙ ያልተኮላሸው ወይፈን ከተኮላሸው ይልቅ ፈጥኖ ያድጋል፤ ብዙ ቀይ ሥጋና ጥቂት ስብ ይሠራል። የተኮላሸው በዕድገት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ነገር ግን ስብ ቶሎ ይይዛል፣ ሥጋው ይለሰልሳል፣ ጠባዩ ይገራል፣ ከላሞችና ከጊደሮች ጋር ቢውልም አያስቸግርም። ማኮላሸት ከብትን ያፋፋል ሲባል የሚሰማው አነጋገር ግማሽ እውነት ነው። የሚያፋፋው መኖው ነው፤ ማኮላሸት የሚለውጠው መኖው ወደ ስብ ይሂድ ወይስ ወደ ሥጋ የሚለውን ነው።

ገዢውም እንዲሁ ሁለት ዓይነት ነው። የሐረር፣ የድሬዳዋና የአዲስ አበባ ሥጋ ቤት የሚፈልገው ጮማ ያለው ሰንጋ ነው። የሐረርጌ ገበሬ የማሽላና የበቆሎ ማሳውን ሲያሳሳ የሚነቅለውን ቡቃያ፣ ቅጠሉንና አገዳውን እያጎረሰ የሚያደልበው በሬ ስሙ የተጠራው በዚህ ገበያ ነው። በሌላ በኩል በጅቡቲ በኩል ወደ ዐረብ አገሮች በቁሙ የሚላከውን ከብት የሚገዛው ነጋዴ የሚመርጠው ያልተኮላሸ ወጣት ወይፈን ነው። ከቦረና ተገዝተው በአዳማ ዙሪያ ባሉ ማድለቢያዎች የሚቆዩት ወይፈኖች ሳይኮላሹ የሚላኩትም ስለዚህ ነው። ድሬዳዋ ባቡር ከደረሰላት ከ1895 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ወደቡ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ በአካባቢዋ ያለ አርቢ ሁለቱም ገዢዎች በደጁ ያልፋሉ።

እንግዲህ ወይፈኑን በ2 እና በ3 ዓመቱ ለላኪ ነጋዴ ለመሸጥ ያሰበ አርቢ ማኮላሸት የለበትም። የተኮላሸ ወይፈን ተመልሶ ኮርማ አይሆንም፤ ነጋዴውም እጁን ሰድዶ ዳብሶ ትቶት ይሄዳል። (በፍየልም ነገሩ ይኸው ነው። ለውጭ ገበያ የሚያርዱት ቄራዎች የሚገዙት ያልተኮላሸ ወጣት ወጠጤ ሲሆን፣ ሙክት የሚፈለገው ለአገር ቤት በዓል ነው።) ወይፈኑን አቆይቶ ሰንጋ አድርጎ ለመሸጥ ያሰበ፣ ወይም ከጊደሮች ጋር በአንድ መስክ የሚያሰማራ ግን ማኮላሸት ይኖርበታል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይታሰብ አንድ ጉዳት አለ። በአንድ መንደር ውስጥ ፈጥኖ ያደገው፣ ቁመናው ያማረው ወይፈን ቀድሞ ዓይን ይገባል። ቀድሞ የሚኮላሸውም፣ ቀድሞ የሚሸጠውም እርሱ ነው። ቀጫጫው ደግሞ ማንም ስለማይፈልገው ሳይኮላሽ ከመንጋው ጋር ይቀራል፤ ላሞቹንም የሚያጠቃው እርሱ ይሆናል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ገበሬው «የዛሬ ጥጃ እንደ ድሮው አይደለም» ይላል። እውነት ነው፤ አባቱ ተለውጧልና። ስለዚህ ማኮላሸት ከመጀመሩ በፊት የመንደሩ ሰዎች ተቀምጠው ለዘር የሚቀረውን ኮርማ ይምረጡ። የሚመረጠውም በዕድገቱ፣ በእግሩ ጥንካሬና በእናቱ የወተት መጠን ነው። የተመረጠው ኮርማ ባለቤት ሰንጋ አድርጎ ከመሸጥ የሚያገኘውን ጥቅም ስለሚያጣ፣ ጎረቤቶቹ በመኖም ሆነ በሌላ ቢያግዙት አግባብ ነው። ለዘር የተያዘ ኮርማ ከገዛ ልጆቹ ጋር እንዳይገናኝም ከጥቂት ዓመት በኋላ ከሌላ መንደር ጋር መለዋወጥ ያሻል። የቀሩት ወይፈኖች ጊደሮችን ማጥቃት ሳይጀምሩ ይኮላሹ።

ዕድሜ

ማንኛውም የማኮላሸት ዘዴ ያማል፤ ትንሽ ጥጃ አያመውም የሚለው እምነት ስሕተት ነው። ይሁን እንጂ በጥጃነቱ የተኮላሸ እንስሳ እብጠቱ ያነሰ፣ ማገገሚያው አጭር፣ ከሰውነቱ የሚቀንሰውም ጥቂት ነው። ትልቁ ወይፈን ግን ለቀናት ከመኖ ይታቀባል፣ ይከሳል፤ ለመጣልና ለማሰርም ብዙ ሰው ይፈልጋል፤ እንስሳውም ሰውም ሊጎዳ ይችላል።

ለሥጋ ብቻ ለሚያድግ ጥጃ እኛ የምንመክረው ዕድሜ ከ2 እስከ 4 ወር ነው። የአገራችን ጥጃ በተፈጥሮው ትንሽ ስለሆነ ከዚያ በፊት የቆለጡ ገመድ ቀጭን ነው፤ በጣት ለመያዝም ያስቸግራል። ጡት በሚጣልበት ሳምንት ግን ማኮላሸት አይገባም፤ ሁለት መከራ በአንድ ጊዜ ይሆንበታልና።

ለእርሻ የሚፈለገው በሬ ነገሩ ይለያል። ገበሬው ወይፈኑን ሳያኮላሽ እስከ 4 እና 5 ዓመት የሚያቆየው በከንቱ አይደለም። አንገቱና ሻኛው ቀንበር እንዲችል ነው፤ ይህም ከላይ እንደተገለጸው የሆርሞኑ ሥራ ነው። አርሶ አርሶ በኋላ ሰንጋ ለሚሆን በሬ ይህን ልማድ አንቃወምም። የምንቃወመው በዚያ ዕድሜ የሚኮላሽበትን መንገድ ነው።

መቀጥቀጥ

በብዙ ቦታ ትልቁ ወይፈን ተጥሎ ይታሰርና የቆለጡ ገመድ በእንጨት ላይ ተደግፎ በድንጋይ ወይም በሌላ እንጨት ይቀጠቀጣል። ዘዴው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ቆዳውም አይቆረጥም። ነገር ግን ምቱ ገመዱን ብቻ ለይቶ አይመታም። ቆዳውንና ቆለጡን ጭምር ያደቅቃል፤ ስቃዩም ረጅም ነው። የደቀቀው ሥጋ ደም ይቋጥራል፣ አንዳንዴም መግል ይይዛል፤ አንዱ ገመድ ሳይበጠስ ቀርቶ ወይፈኑ እንደገና ከተቀጠቀጠም መከራው እጥፍ ይሆናል። ይህ ዘዴ መቅረት አለበት እንላለን።

ቀጥቃጩን ግን አንተወውም። በየመንደሩ ይህን ሥራ የሚሠሩት ሰዎች ገመዱን በጣታቸው ፈልገው ማግኘት የሚችሉ፣ ከብት መጣል የለመዱ ባለሙያዎች ናቸው። ቡርዲዞን ለመማር ከእነርሱ የተሻለ ሰው የለም። የልማት ሠራተኛው ሌላ ሰው ከመፈለግ ይልቅ እነርሱን ቢያሠለጥን ይሻላል።

ቡርዲዞ

ቡርዲዞ ጉጠት ነው። ስሙን ያገኘው ከሠራው ከጣሊያናዊው የእንስሳት ሐኪም ከናፖሊዮን ቡርዲዞ ሲሆን፣ ከተሠራ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል። አፉ አይቆርጥም፤ ይጨፈልቃል። ቆዳው ጠንካራና ተለማጭ ስለሆነ ይተርፋል፤ ከቆዳው ሥር ያለው ገመድ፣ ማለት ዘር የሚያልፍበት ቱቦ፣ የደም ሥሩና ነርቩ በአንድነት ይጨፈለቃሉ። ደም የተቋረጠበት ቆለጥ ቀስ በቀስ ይሟሽሻል።

ለድሬዳዋ ዙሪያ ይህን ዘዴ ከሁሉ የምናስቀድመው ቁስል ስለማይተው ነው። በቆላ፣ ዝንብ በበዛበት አገር፣ የተከፈተ ቁስል ትል ያፈራል። ከቢዮ አዋሌ፣ ከዋሂል ወይም ከጀልዴሳ በኩል ያለ አርቢ ደግሞ ቁስሉን በየቀኑ የሚያይለት ባለሙያ በቅርብ ላያገኝ ይችላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጥጃው በማለዳ፣ ፀሐይ ሳይከር፣ በጎኑ ይጋደማል፤ የላይኛው የኋላ እግር ወደ ፊት ተስቦ ይያዛል። በቅድሚያ ከረጢቱ ይዳበሳል። ሁለቱም ቆለጦች ወርደው ካልተገኙ፣ ወይም አንጀት የወረደበት የሚመስል ለስላሳ እብጠት ካለ፣ ሥራው ይቁምና ለእንስሳት ሐኪም ይታይ። የሁሉም ነገር ደኅና ከሆነ አንደኛው ገመድ በጣት ተፈልጎ ወደ ከረጢቱ አንገት ውጫዊ ጠርዝ ይገፋል። የቡርዲዞው አፍ ከቆለጡ በላይ ሁለት ጣት ያህል ርቆ ይገባል፤ ገመዱ በአፉ ውስጥ መሆኑ በድጋሚ በጣት ከተረጋገጠ በኋላ ይዘጋል። ቀስ ብሎ እስከ 10 ተቆጥሮ ይከፈታል። ቀጥሎም አንድ ጣት ያህል ዝቅ ተብሎ እንደገና ይጨፈለቃል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በታች የሚሆነው ነርቡ ከላይ አስቀድሞ ስለተጨፈለቀ ሕመሙ እንዲቀንስ ነው። በሌላው ጎንም እንዲሁ ይደረጋል።

አንድ ስሕተት ከሌሎቹ ሁሉ የከፋ ነው። ይኸውም ለማፋጠን ሲባል የከረጢቱን አንገት ከዳር እስከ ዳር በአንድ ጊዜ መጨፍለቅ ነው። እንዲህ ከተደረገ ለከረጢቱ ቆዳ ደም የሚደርስበት መንገድ ይዘጋል፤ ቆዳው ይጠቁራል፣ ይበሰብሳል፣ ይወድቃል። ስለዚህ እያንዳንዱ ገመድ ለየብቻው ይጨፈለቅ፤ በመካከል ቢያንስ አንድ ጣት የሚሆን ያልተነካ ቆዳ ይቅር፤ የቀኙና የግራው መስመርም በአንድ ትክክል ላይ አይግጠሙ። በከረጢቱ አጠገብ ያሉት ትናንሽ የወንድ ጡቶችና የሽንት መውጫው በአፉ ውስጥ እንዳይገቡም መጠንቀቅ ነው።

መሣሪያው ራሱ ሲያረጅ ይከዳል። አፉ ከላላ ወይም ከተጣመመ ገመዱን ያንሸራትታል፤ አርቢውም ተኮላሸ ብሎ የለቀቀው ወይፈን ከወራት በኋላ ጊደር ሲያጠቃ ያገኘዋል። ለመፈተን አንድ ቀጭን ሲባጎ በታጠፈ ወፍራም ወረቀት መካከል ተደርጎ ይዘጋበታል። ሲባጎው ከተበጠሰ፣ ወረቀቱ ግን ካልተቆረጠ መሣሪያው ደኅና ነው። ከሥራ በኋላ ተጠርጎ፣ ጥቂት ዘይት ተቀብቶ፣ አፉ ተከፍቶ ይቀመጥ፤ ተዘግቶ ከቆየ ይላላል። ሽቦ መቁረጫ ያደረገው ሰውም አጋጥሞናል። ትልቁ ቡርዲዞ ለወይፈንና ለኮርማ፣ ትንሹ ለበግና ለፍየል ነው። አንድ ቤት ብቻውን መግዛት አይጠበቅበትም፤ አንድ ደኅና ቡርዲዞ በማኅበር ተገዝቶ ለብዙ ዓመት መንደሩን ያገለግላል።

ለትልቅ ወይፈን በባለሙያ እጅ እንዲሠራ እንመክራለን። ሐኪሙ ሊዶኬይን የተባለውን ማደንዘዣ በገመዱ ዙሪያ ወግቶ ጥቂት ደቂቃ ከጠበቀ በኋላ ይሠራል። ለጥጃም ቢሆን ማደንዘዣው ከተገኘ መልካም ነው፤ እንስሳው ሳይታገል ሲቀር ገመዱ አይስትም።

የጎማ ቀለበት

ጠባብ የጎማ ቀለበት በልዩ መለጠጫ ተከፍቶ በከረጢቱ አንገት ላይ ይገባል፤ ደም ይቋረጣል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከረጢቱ ከነቆለጡ ደርቆ ይወድቃል። የሚሆነው በተወለደ በመጀመሪያው ሳምንት ላለ ጥጃ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ቆለጦች ከቀለበቱ በታች መሆናቸውም መረጋገጥ አለበት። ከረጢቱ በሚወድቅበት ጊዜ ቁስል ይከፈታል፤ መንጋጋ ቆልፍ የሚባለው በሽታም የሚገባው በዚህ ነው። ከመኪና የውስጥ ጎማ በተቆረጠ ማሰሪያ ትልቅ ወይፈን ማሰር ፈጽሞ አይገባም። ማሰሪያው በበቂ ስለማይጠብቅ ደሙ በግማሽ ይቋረጣል፤ ከረጢቱም በሕይወት እያለ ይበሰብሳል።

በቢላዋ

ቆለጡ ተቆርጦ ስለሚወጣ ከሁሉ ይበልጥ አስተማማኝ ነው፤ ቀረ ወይስ አልቀረም የሚል ጥርጣሬ የለም። ግን የደም መፍሰስና ቁስል አለው። ስለዚህ የሐኪም ሥራ ነው፤ መሣሪያ ይቀቀላል፣ እጅ በሳሙና ይታጠባል፣ ማደንዘዣ ይሰጣል። የሚከፈተው የከረጢቱ ታችኛው ክፍል ነው፤ ፈሳሹ ወደ ታች እንዲወርድም አይሰፋም። በድሬዳዋ አየር የሚስማማው ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ደረቅና ቀዝቀዝ የሚልበት፣ ዝንብም የሚቀንስበት ወቅት ነው። ደም ለማቆም ተብሎ እበት፣ አፈር ወይም አመድ መለጠፍ መንጋጋ ቆልፍን መጋበዝ ነው።

ከተኮላሸ በኋላ

በቡርዲዞ የተኮላሸው ከረጢት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። እብጠቱ ከሳምንት በኋላ መቀነስ ሲገባው ከጨመረ፣ ቆዳው ከቀዘቀዘና ከጠቆረ፣ ወይም ከሸተተ ሐኪም ይጠራ። እንስሳው አካሄዱ ከደረቀ፣ ጆሮውን ካቆመ፣ አፉን መክፈት ካቃተው መንጋጋ ቆልፍ ነው፤ አንድ ቀን ማሳደር አይገባም። አባ ጎርባ በሚታወቅበት ቀበሌ ከማኮላሸት ቢያንስ 2 ሳምንት ቀደም ብሎ መከተብ ያስፈልጋል፤ ክትባቱ በአገራችን በቢሾፍቱ ይመረታል።

የተኮላሸ ወይፈን ወዲያውኑ ለገበያ አይነዳ። ከደጋው እስከ ከተማው ያለው ቁልቁለት ለጤነኛውም ይከብዳል፤ ያበጠ ከረጢት ይዞ የሚወርደው ደግሞ ከስቶ ይደርሳል፣ ዋጋውም ይወድቃል። በክረምት ከብትን በደቻቱ አሸዋ ላይ አስሮ ማሳደርም አደገኛ ነው። ደቻቱ ከተማዋ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ከተራራው በዘነበ ዝናብ ይሞላል፤ በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው የገደለው ሕዝቡ በተኛበት ነው። የታሰረና የታመመ ከብት ከእንዲህ ያለ ጎርፍ አያመልጥም።

ለአካለ መጠን የደረሰ ወይፈን ከተኮላሸ በኋላ በቱቦው ውስጥ የቀረ ዘር ስለሚኖር ቢያንስ ለ6 ሳምንት ከላሞችና ከጊደሮች ይለይ። በ6ኛው ሳምንት ከረጢቱ እንደገና ይዳበሳል። ቆለጦቹ ሟሽሸው ትንሽና ጠጣር ሆነው ከተገኙ ሥራው ተፈጽሟል። አንደኛው እንደቀድሞው ሙሉና ለስላሳ ከሆነ ገመዱ ስቷል ማለት ነውና የዚያኛው ጎን ብቻ ይደገማል። ሰንጋ ለማድረግ የሚደለበውም ጠንካራውን መኖ የሚጀምረው ከዚህ ምርመራ በኋላ ነው። መርፌ የተወጋ ከሆነም መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣ ስንት ቀን እንደሚቆይ ሐኪሙን ጠይቆ፣ ቀኑን ጽፎ መያዝና ያ ጊዜ ሳያልፍ ለዕርድ አለመሸጥ ነው።